ከመታቀፊያው የጎደለች ካሬ

ሰኞ

እንደገና ጎደጎደ። አራት ማዕዘን አድርጌ የጀመርኩት ነገር ጠርዙ ተሰብስቦ ጎድጓዳ ሳህን መሰለ። ሽንኩርት ይይዛል። ጸጉር ሠሪዋ ጎረቤቴ ራሄል ሳቋን ለመደበቅ ሳለች። ሳል የላትም።

ልጄ እናኑ እርጉዝ ሳለች በኪሮሽ የሕፃን መታቀፊያ ጀምራ ነበር። ካሬ ካሬውን ለየብቻ እየሠራች ታስቀምጥ ነበር፣ በኋላ ልታገጣጥመው። ሴት ልጅ ወልዳ ሞተች። ሕፃኗን አባቷና እናቱ ወደ ኮኪት ወሰዷት፣ የምታጠባት ሴት እዚያ አለች ብለው። ካሬዎቹ እኔ ዘንድ ቀሩ። ዛሬ አልጋው ላይ ደረደርኳቸው። አንዱ ጥግ ባዶ ነው። አንዲት ካሬ ጎድላለች።

እሑድ ክርስትና ነው፣ እዚሁ መተማ። የአማቼ እናት ጥሩዬ የሚያብለጨልጭ መታቀፊያ ገዝታ አስቀምጣለች አሉ። ፊት ለፊት አንቱ እላታለሁ፣ ወረቀት ላይ ግን ማን ይሰማኛል። ያብለጭልጭላት። ልጅቱ የምትታቀፈው እናቷ በሠራችው ነው።

ማክሰኞ

ራሄል በስልኳ ቪዲዮ አሳየችኝ፣ ለጀማሪዎች ነው ብላ። ፊቷ የማይታይ ፈረንጅ ናት፣ ሁለት እጅና ቀይ ጥፍር ብቻ። በዚያ ጥፍር ሽንኩርት አልከተፈችበትም። ክሩን ቀለበት ታደርጋለች፣ ቀለበቱ ውስጥ እንደ ምሰሶ የቆመ ስፌት ሦስት ሦስት አጠጋግታ ትሠራለች፣ በየማዕዘኑ ክፍተት ትተዋለች፣ ከዚያ እየዞረች ያንኑ ትደግማለች። በቃ። ለዚህ ያን ሁሉ ሙዚቃ።

ሥራው ገብቶኛል። ማዕዘኑም አራት ነው። ግን ይጎደጉዳል።

"እትየ አበሩ፣ ክሩን በጣም እየሳቡት ነው" አለች ራሄል። "እጅዎን ላላ ያርጉት።"

የላላ ነገር አልወድም። ዕድሜዬን የሰሊጥ ጆንያ አፍ ስሰፋ የኖርኩ ሴት ነኝ። ሰሊጥ ትንሽ ቀዳዳ ካገኘች ታልቃለች፤ ክሩን በሙሉ ክንድሽ ካልሳብሽ መኪናው መንገድ ለመንገድ ሲዘራት ይሄዳል። እኔ የሰፋሁት ጆንያ ፍሬ አፍስሶ አያውቅም። እሷ ጸጉሯን ትተኩስ።

ረቡዕ

ሠራሁ። ፈታሁ። ሠራሁ። ክሩ ከመፈታት ብዛት ተንጨባረረ።

ሊጠይቁኝ ከመጡት አንዷ፣ እጅ ሥራ ሲይዝ ሐዘን ይረሳል አለችኝ። ልርሳ ብዬ የነገርኳት ይመስል። ሌላዋ በዚህ ሙቀት ለሕፃን ምን መታቀፊያ ያስፈልጋታል አለች። ሰው ቀዳዳውን አያይም? እናኑ የጥጥ ክር መርጣ፣ ነፋስ እንዲያስገባ ሰፋ ሰፋ አድርጋ ነው የሠራችው። አስባበታለች። እነሱ ሲያስቡ አላየሁም።

ሐሙስ

ራሄል፣ ልሥራልዎና ይረፉ አለችኝ። በአንድ ቁጭታ ትጨርሰዋለች፣ አውቃለሁ። እንቢ አልኳት። ከልጄ ሥራ ጎን የሚገባው የኔ እጅ ነው። ያኮረፈች መስሎኝ ነበር፣ ማታ ተጨማሪ ክር አምጥታ ደጃፌ ላይ ትታልኝ ሄደች። ቀለሙን ግን አልሳተችም። ይህን አልክድም።

የጎደጎዱት ተከማችተዋል። በአንዱ ቃሪያ አስቀምጫለሁ።

ቅዳሜ

ትናንት አልጻፍኩም፣ የሚጻፍም አልነበረም። ከኮኪት ዛሬ ገቡ። ጥሩዬ ከመኪና ወርዳ ሰላምታዋን ሳትጨርስ ስለ መንገዱ አቧራ ማማረር ጀመረች፣ እኛ የበተንነው ይመስል። ከዚያ፣ "አሁን ጠብታለች፣ ገበያ ደርሼ እስክመለስ ያዢያት" ብላ ሕፃኗን ክንዴ ላይ ጣለቻት።

ከቀብሩ ወዲህ አላየኋትም ነበር። አፍንጫዋ የእናኑ ነው። አገጯ የነሱ ነው፣ ስታድግ ይተዋት ይሆናል።

ቀኝ ክንዴ ላይ ተኛች። ኪሮሹ አጠገቤ ነበር፣ ጊዜም የለኝም፣ ጀመርኩ። ክሩን ልስብ ስል ክንዴ አልነቃነቅ አለ፤ ከሳብኩ ትነቃለች። በጣቴ ብቻ ቀስ እያልኩ ሠራሁ። ስጨርስ ጭኔ ላይ አነጠፍኩት። ተኛ። ጠርዙ አልተነሳም።

ጥሩዬ ስትመለስ ሕፃኗን ልትቀበለኝ እጇን ዘረጋች። ይቆዩ፣ ትንቃ አልኳት።

እሑድ

ሌሊቱን ገጣጥሜ ጨረስኩ። የክርስትና እናቷ በዚያው ታቅፋት ገባች። የሚያብለጨልጨው ከረጢት ውስጥ ቀረ።

ምሳ ላይ ጥሩዬ መታቀፊያውን አንስታ ካሬዎቹን እያገላበጠች፣ "ያንቺን አገኘሁት" አለች። "ይቺ ጠበቅ ያለችው፣ ጠርዟ የተነሳው።"

ጣቷ ያረፈው እኔ ከሠራሁበት ጥግ ማዶ ነው። አየኋት። እውነትም ትንሽ ጎድጎድ ብላለች። ደርድሬያቸው፣ ገጣጥሜያቸው፣ አላስተዋልኳትም።

የእናኑ ናት። የመጀመሪያዋ መሆን አለባት። እሷም ከኔ ጋር ጆንያ ሰፍታለች።

ለጥሩዬ አልነገርኳትም። የኔ ናት አልኳት።