ከሥር ያለው አውቶቡስ

ማክሰኞ፣ የካቲት 3

ዛሬም ፀጉሬ ቀለም ነክቶት ገባሁ። ሃያ ሁለት የስድስት ዓመት ልጆች፣ አንድ የክፍል ግድግዳ፣ አንድ ትልቅ አውቶቡስ። ለእያንዳንዳቸው አንድ አንድ መስኮት። ሕጉ፦ የዕለቱ አለቃ ብሩሽ አይነካም። እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ይጠይቃል፣ ያስማማል። መጀመሪያ ቀን "አለቃ ምን ይሠራል?" ስላቸው "ይቆጣል!" ነበር ያሉኝ፣ በአንድ ድምፅ።

የዛሬዋ አለቃ ጭምቷ ነበረች። ከመስከረም ጀምሮ ድምፅዋን ሰምቼ አላውቅም... ሁለት ወንዶች በጥቁሩ ቀለም ተናነቁ። መሃላቸው ገባች። "ጎማው ሁለት አይደል? አንድ አንድ ያዙ።" አበቃ።

ሽንት ቤት ገብቼ አለቀስኩ። ሞኝ።

ዓርብ፣ የካቲት 6

ዳይሬክተሯ መጥታ አየችው።

"መስኮቶቹ ተንጋደዋል እኮ።"

"ልጆች ናቸዋ የሠሩት።"

"ለወላጆች ቀን የቀረን ስምንት ቀን ነው። አንቺ ልጅ፣ ትምህርቱ በዝቶብሽ ነው መሰል፣ ቀላሉ ነገር አይገባሽም።"

ብሩሾቹን ማጠብ ቀጠልኩ። ለምን ዝም አልኩ?

ሰኞ፣ የካቲት 9

ቅዳሜና እሑድ ዳይሬክተሯ ሰዓሊ ቀጥራ በላዩ አስቀብታበታለች። ሃያ ሁለት እኩል መስኮት፣ ሃያ ሁለት አንድ ዓይነት ፈገግታ። ከታች፦ "የልጆቻችን የቡድን ሥራ"።

ልጆቹ ግድግዳውን እየዳበሱ የየራሳቸውን መስኮት ፈለጉ። ጭምቷ ቀሚሴን ያዘች። "እኔ አለቃ ስለሆንኩ ነው የተበላሸው?"



ቅዳሜ፣ የካቲት 14

"ልጆቹ እንዴት እንደሠሩት መምህርቷ ታስረዳናለች" አለች ዳይሬክተሯ፣ አዳራሽ ሙሉ ወላጅ ፊት።

"ይሄን ልጆቻችሁ አልሠሩትም። የእነሱ ከሥር ነው ያለው፣ ተቀብቶበት።"

አንዱ አባት፣ "ምን ችግር አለው ታዲያ? አምሯል እኮ!" ሳቁ። አጨበጨቡ። ለሰዓሊው!

ለእናቴ ነገርኳት። "ወይ ልጄ፣ ጠላትሽ ሌላ አይደለም፣ ምላስሽ ነው።"

ማክሰኞ፣ የካቲት 17

የይቅርታ ደብዳቤ ተጽፎ ጠበቀኝ። "ዋሽቼ ወላጆችን አሳስቻለሁ" ይላል። መፈረም ብቻ ነው የቀረኝ። አልፈረምኩም። ስለዚህ ሥራዬ ላይ የምቆየው እስከ ዓርብ ብቻ ነው። ይሁን! እሱ አይደለም አንጀቴን የቆረጠው።

ከሰዓት አዲስ ወረቀት ወለሉ ላይ ዘረጋሁ። ቀለም በጠበጥኩ። "ዛሬስ አለቃ ማን ይሁን?" አንድም እጅ አልወጣም።

"ምን ሆናችኋል?"

ጭምቷ ተነሳች። ብሩሾቹን አንድ በአንድ ለቅማ እጄ ላይ አስቀመጠችልኝ።

"ሰውዬው ሲመጣ ይሠራዋል፣ ቲቸር።"