የናግዋን አንገት ቀጥ ይበል

ማክሰኞ፣ ኖቬምበር 4
ዓሣ ሻጩ የትናንቱን ዓሣ የዛሬ ነው አለኝ። ዓይኑ እንደደፈረሰ አሳይቼው ሌላ አስመረጥኩ። ሠላሳ አምስት ዓመት ሒሳብ ያስተማረች ሴት ትታለላለች? ልጄ ናግዋን ለምሳ ዘገየች። አርባ ሁለት ዓመት ሞልቷትም ሰዓት አታከብርም። ዓሣው ቀዘቀዘ…

ረቡዕ፣ ኖቬምበር 5
ለካ እኔ ስቆጣት እሷ አስፋልት ላይ ወድቃ ነበር። የባሕሩን ዳር መንገድ ስትሻገር ሚኒባስ ገጭቷት። ጭንቅላቷን።

ዓርብ፣ ኖቬምበር 7
ጽኑ ሕሙማን ክፍል አስገቡኝ። የራስ ቅሏን በስተው ቀጭን ሽቦ አስገብተዋል፤ የአንጎሏን ግፊት በቁጥር ያሳያል። ነርሷን ዋፋእን ጠየቅኳት። እስከ ሃያ ደህና ነው፤ ከሃያ ሁለት አልፎ አልወርድ ካለ ግን ቅሏ ይከፈታል አለች። ዛሬ 14። ቁጥር ከሆነ እኔም አውቃለሁ። ጻፍኩት።

ቅዳሜ፣ ኖቬምበር 8
ስገባ 15። ወንድሜ ፈትሐላህ ጠይቋት ከወጣ በኋላ 24። መድኃኒት ሰጧት፣ ወረደ።

እሁድ፣ ኖቬምበር 9
ስገባ 15። ፈትሐላህ ሲወጣ 27። እንደገና መድኃኒት። ሐኪሙ እብጠቱ ነው፣ ነገም ግፊቱ ከወጣ ቅሏን እንከፍታለን አለ። ዓርብ ፈትሐላህ አልመጣም ነበር… እብጠት ዘመድ ይለያል?

ሰኞ፣ ኖቬምበር 10
አብሬው ገባሁ። ጭንቅላቷን በሁለት እጁ ይዞ ወደ ቀኝ፣ ወደ ቂብላ፣ ወደ መካ አቅጣጫ አዞረው። እንዳይመለስም የተጠቀለለ ሻሽ ሸጎጠ። ለሚሞት ሰው የሚደረገውን! 16… 20… 25።
«ምን ማድረግህ ነው?»
«እትዬ፣ ፊቷ ወደ ቂብላ ሆኖ ትሂድ ብዬ…»
«የት ነው የምትሄደው?»
ቂብላን እኔም አውቃታለሁ፤ በቀን አምስት ጊዜ እዞርላታለሁ። ሻሹን አውጥቼ አንገቷን አቀናሁ። 22… 17… 15። ያለ መድኃኒት። ዋፋእ ቆማ አየች። ስምንት አልጋ ትጠብቃለች፤ ናግዋን እየተንሸራተተች መስሏት ዝም ብላ ታቀናት ነበር። መድኃኒቱም ያን ጊዜ ስለሚሰጥ፣ ግፊቱን ያወረደው እሱ መሰላቸው።
«አንቺ እኮ ሞትንም በቀይ እርሳስ ታርሚያለሽ» አለኝ ፈትሐላህ።
«ከተሳሳተ አርማለሁ።»
ሐኪሙ ደብተሬን ሁለቴ አነበበው፤ አንገት ሲጠመዘዝ ደሙ ከጭንቅላት መውረጃ ያጣል፣ ግፊቱም ይጨምራል አለ። ቅሉን መክፈት ቀረ። ከአልጋዋ በላይ በትልቁ ጽፌ ለጠፍኩ፦ አንገቷ ቀጥ ይበል።

ረቡዕ፣ ኖቬምበር 12
13። ፈትሐላህ አኩርፏል። ለእስክንድርያ ዘመድ ሁሉ፣ እትዬን ያበላሿት በልጅነቷ ያስተማሯት የፈረንጅ መነኮሳት ናቸው ይላል አሉ። እውነት ነው። አንገታችንን በማስመሪያ ያቀኑልን ነበር። ተጠቀምኩበት!

ሐሙስ፣ ኖቬምበር 27
ሽቦው ከወጣ ዘጠኝ ቀን። የምጽፈው ቁጥር የለም። ትናንት ዓይኗን ገልጣ ጣሪያውን ስታይ ዋለች፤ እኔን ግን አላየችም። ዛሬ ፈትሐላህ በሩ ላይ ቆሞ ቀረ።
«ግባ» አልኩት። «እጅህን ግን ኪስህ ውስጥ አድርግ።»
«ናግዋን… አጎትሽ ነኝ» አላት፣ እጁ ኪሱ ውስጥ።
አንገቷን ራሷ አዞረችው። ቀስ ብላ፣ ወደ ቀኝ፣ ወደ እሱ።
አላቀናኋትም።