አስከሬን አስቀምጠን መኪና ስለገፋን

ለተከበሩ በጣሊያን መንግሥት የቡሬ ሹም፣ የመኪና እሽቅድድም ቡድን መሥራችና አሳዳጊ፤

ከሁሉ አስቀድሜ የጤናዎን ነገር በትሕትና እጠይቃለሁ፤ የመኪናዎችዎንም እንዲሁ። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ፤ ደህና መሆኔ ግን እያሳፈረኝ ነው።

የቡድንዎን ታሪክ በአዋጅ ሲያስነግሩ የእኛ ድርሻ ስለተዘለለ፣ ጉድለቱን ለማሟላት ያህል ይህን ደብዳቤ በማንኩሳ ገበያ ከዋርካው ላይ ለጥፌዋለሁ።

አንደኛ፤ መኪናዎቹ ከደምበጫ በኩል ሲመጡ ጎማቸው ክዳን የሌለው፣ ወንበራቸው ለአንድ ሰው ብቻ የሆነ፣ ዕቃም የማይጭኑ መሆናቸውን አይተን፣ ሥራቸው ያላለቀ መስሎን አዝነንልዎት ነበር። ኋላ ለመሽቀዳደም ብቻ እንደተሠሩ ተነገረን። ድንጋይ ተሸክመን መንገዱን ያነጠፍነው እኛ፣ የሚሮጥበት ሌላ መሆኑንም ያን ጊዜ ተማርን፤ ስለ ትምህርቱ እናመሰግናለን።

ሁለተኛ፤ ቡድንዎ በጅጋ የገበያ ቀን ሲያልፍ የነጋዴው የኑርሁሴን አሞሌ ጨው ከጭቃ ተቀላቀለ። አቤት ሊል ቢመጣ፣ መንገድ ዘግተሃል ተብሎ እሱው ታሰረ። ፍርድዎ ስለማይዘገይ ምስጋናችን የበዛ ነው።

ሦስተኛው ነገር የእርስዎ ጥፋት አይደለም፤ የከበደኝም ስለዚሁ ነው። በመስከረም እናቴን ወይዘሮ አቻምየለሽን ልንቀብር ስንሄድ፣ ካህኑ አባ ወልደ ገብርኤል ፍትሐት ሊያደርሱ ከመንገዱ ዳር አስቆሙን። በዚያው ሰዓት ከመኪናዎችዎ አንዱ ከጭቃ ገብቶ ቆመ። በእኛ አገር በመንገድ የተቸገረን አይቶ ማለፍ ነውር ነው፤ ስለዚህ ማንም ሳያዘን፣ ጠመንጃም ሳይነሣብን፣ ቃሬዛውን የተሸከምን አራት ሰዎች እናቴን መሬት አስቀምጠን መኪናውን ገፋን። መኪናው ሲፈተለክ ጭቃው እሷ በተጠቀለለችበት ሰሌን ላይ ተረጨ። እኛ ግን ፍጥነቱን አይተን አጨበጨብን። እኔም አጨበጨብሁ። አባ ወልደ ገብርኤል መስቀላቸውን እንደያዙ ቆመው ጠበቁን፤ ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

እርስዎ ውለታ አይረሱምና፣ በመጪው ውድድር ቀን አራታችን ቀይ ቆብ ደፍተን፣ የቡድኑ ታማኝ ገፊዎች ተብለን ከመነሻው ላይ እንድንቆም አዘዋል፤ ቆቦቹም ደርሰውናል። ያ ቀን የእናቴ ተዝካር ነው። ሦስቱ ምን እንደሚያደርጉ አላውቅም፤ እኔ ግን አልመጣም።

ጎማዎን ከጭቃ፣ እኛንም ከጭብጨባ እንዲጠብቅልን ፈጣሪን እየለመንሁ፣ እጅ ነሥቼ እሰናበታለሁ።

ሳይታዘዝ የገፋልዎ፣
ይሄይስ ላቀው
ማንኩሳ፣ ጥቅምት 1931 ዓ.ም.

ድኅረ ጽሑፍ፤ ቆቡን ከዚሁ ዋርካ ላይ ሰቅዬልዎታለሁ። ለእናቴ ራሴን ተላጭቻለሁ፤ ቆብ ብደፋበት ሐዘኔ አይታይም። ሊይዙኝ የሚልኳቸው ወታደሮችም እንዳይሳሳቱ፣ በተዝካሩ ላይ ከተላጩት ሁሉ መካከል ቀና ብሎ ሰው ማየት ያቃተው እኔ ነኝ።