አሜን ባለማለቴ ከአክሲዮን መድረኩ ስለ መባረሬ

ለተከበሩ አቶ መሳፍንት
የ«ደጋ ሱፍ» ባለአክሲዮኖች የቴሌግራም መድረክ መሥራችና አስተዳዳሪ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ፣ ለባለቤትዎ ለወይዘሮ ሸዋረግ እና ቀኑን ሙሉ ከእጅዎ ለማይለየው ስልክዎ ጤናና ዕድሜ እመኛለሁ። እኔ በዘመሮ ከተማ በልብስ ስፌት የምተዳደር፣ ባለፈው ሐሙስ ከመድረክዎ የተባረርኩ ማዕረግ ወዳጆ ነኝ። በዚያ መድረክ ሁለት ሺህ ሰው ስለ አክሲዮን ይወያያል ይባላል፤ «ይወያያል» የሚለውን ቃል የመረጡት እርስዎ ስለሆኑ እኔም አልቀይረውም። አቤቱታዬን በአደባባይ የጻፍኩት የውስጡን በር ስለዘጉብኝ ነውና ድፍረት አይሁንብኝ።

፩. የመድረኩ የመጀመሪያ ደንብ «ስሜታዊነትን አስወግደን በመረጃ ብቻ እንነጋገር» የሚል ነው፤ ሳነበው ከልቤ ተደስቼ ነበር። ኋላ እንደተረዳሁት ግን የአክሲዮኑ ዋጋ በመጪው ዓመት እጥፍ ይሆናል ብሎ ሦስት የእሳት ምልክት የሚለጥፍ ሰው መረጃ አቀረበ ይባላል፤ በገንዘባችን ይሠራል የተባለው የሱፍ ፋብሪካ ምን ላይ ደረሰ ብሎ የሚጠይቅ ደግሞ ስሜታዊ ነው። ይህን ልዩነት ያለ ክፍያ ስላስተማሩኝ አመሰግናለሁ።

፪. በእኛ አገር ሽማግሌ ሲመርቅ እጅ ተዘርግቶ አሜን ይባላል እንጂ ማስረጃ አምጣ አይባልም። እርስዎ ይህን አሳምረው ያውቃሉ። በየማለዳው «ዋጋው ይውጣ፣ ይመንደግ፣ ትርፉ ለልጅ ልጅ ይትረፍ» ብለው ሲጽፉ ከሥሩ አራት መቶ አሜን ይደረደራል። የገበያ ግምትን በምርቃት ቋንቋ ስላቀረቡልን እኛም እንደ ምርቃት ተቀበልነው፤ የተመረቀን ነገር ደግሞ መመርመር ነውር ነው። እኔ ራሴ ስምንት ወር ሙሉ አሜን ብያለሁ፤ በዚህም አፍራለሁ።

፫. የእኛ አገር በግ ፀጉሩ ጥቅጥቅ ያለ ነውና ከሩቅ ሁሉም የሰባ ይመስላል። ስለዚህ ገዢ እጁን ከፀጉሩ ሥር አስገብቶ ወገቡን ሳይዳብስ ዋጋ አይጠራም፤ ሻጩም በዚህ አይቆጣም። እኔም እንደዚሁ መስሎኝ፣ እርስዎ በሥዕል ያሳዩንን ባለ ሦስት ፎቅ የሱፍ ፋብሪካ በዓይኔ ለማየት ከቀየት ከተማ ወጣ ብሎ ወዳለው ቦታ ሄድኩ። ያገኘሁት አጥርና የድንጋይ ክምር ነው። ያንኑ ፎቶ አንስቼ አንዳች አስተያየት ሳልጨምር ለጠፍኩ። ወዲያው ጨለምተኛ፣ ምቀኛ፣ የተፎካካሪ ድርጅት ተከፋይ ተባልኩ፤ ድርጅቱን ቢጠቁሙኝ ኖሮ ውዝፍ ደመወዜን እጠይቅ ነበር። እርስዎም ለመድረኩ ሚዛናዊነት ሲሉ ፎቶውን አጥፍተው እኔን አስወጡኝ።

ለቀጣዩ ቁጥር መስጠት አልቻልኩም፤ ከቁጥር በላይ ነውና። ታላቅ እህቴ ጌታነሽ ባሏ ከሞተ ወዲህ ሦስት ልጆች ያሳደገችው በአሥራ አራት በጎች ነው። በጥር ወር እርስዎ «በዚህ ሰዓት አክሲዮኑን የሚሸጥ ከሃዲ ነው» ብለው በጻፉ ሰሞን ልግዛ ወይ ብላ አማከረችኝ። እኔም አላውቅም ማለት ከብዶኝ፣ ሰው ሁሉ እየገዛ ነው አልኳት። ይህ ጥፋት የራሴ ነው፤ ለእርስዎ አላካፍልም። እሷም በጎቹን ሸጣ ገዛች። ዛሬ በረቷ ባዶ ነው፤ ትንሹ ልጇም ትምህርት አቋርጦ የሰው በግ ይጠብቃል።

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላልና፣ በዚህ ሰሞን አክሲዮኑ ወደ እህቴ ስም የዞረበትን ወረቀት ሳገላብጥ የሻጩን ስም አገኘሁ። ለእህቴ አክሲዮኑን የሸጡት ባለቤትዎ ወይዘሮ ሸዋረግ ናቸው። ቀኑም እርስዎ ከሃዲዎችን ባወገዙ በሦስተኛው ቀን ነው። ክቡር ሆይ፣ ተናድጃለሁ፤ በትሕትና ቃል ልሸፍነው ብሞክርም አልሆነልኝም።

የምለምንዎት ብዙ አይደለም። በመድረክዎ ስለ አክሲዮን አፉን የሚከፍት ሰው ሁሉ፣ እርስዎን ጨምሮ፣ ገዢ ነኝ ወይስ ሻጭ የሚለውን አስቀድሞ ቢናገር መልካም ነው። ከዚያ በኋላ የፈለገውን ያህል ይመርቅ።

እውነትን ከመድረክ በማስወጣት የመድረኩን ሰላም ለጠበቁት ክቡርነትዎ፣ ከደጅ ሆኜ ዝቅ ብዬ እጅ እየነሳሁ፣ በማያቋርጥ አድናቆት እሰናበታለሁ።

ማዕረግ ወዳጆ
ልብስ ሰፊ፣ ዘመሮ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ወረቀቱን ለእህቴ አሳየኋት። ረጅም ሰዓት አየችውና «ለካስ አቶ መሳፍንት ለእኔ ለድኻዋ አስበው የገዛ ቤታቸውን ድርሻ ነው የለቀቁልኝ» ብላ አለቀሰች። ከዚያ ስምዎን በማጥፋቴ ይቅርታ እስክጠይቅዎት ድረስ ደጇን እንዳልረግጥ ነገረችኝ። ያለችኝ እህት እሷ ብቻ ናትና፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ።