ለአራተኛ ፎቅ የወጣ ውሃ

ደሜ፣ የኔ ሞኝ፣

ከሄድክ ዓመት ከሦስት ወር ሆነህ። ሙት ዓመትህን አውጥቼ ጥቁሬን አወለቅሁ፤ ንዴቴን ግን እስካሁን እንደለበስኩ ነኝ። ናፍቀኸኛል፤ ዛሬ ግን ከናፍቆቱ በፊት የምወቅስህ ነገር አለኝ።

ልጃችን አሥረኛ ክፍል ገብታለች፤ ቁጣዋ የኔ፣ ዝምታዋ ያንተ ነው። ኮዬ ፈጬ ውሃ ዛሬም ማክሰኞና ቅዳሜ ብቻ ነው የምትመጣው፤ ግፊቷም ከኛ ቤት፣ ከግራውንድ፣ አያልፍም። የላይ ቤት ሰዎች እንዲቀዱባት አንተ በመስኮት ታወጣት የነበረችውን ጎማ አሁን የማወጣት እኔ ነኝ። ለሁሉም አወጣለሁ፤ ከአራተኛ ፎቅ በስተቀር። እዚያ ማን እንዳለ መቼም አትረሳም።

ግርማ። ቃሊቲ ፋብሪካ ውስጥ ስንት ዓመት አንድ ማሽን ላይ አብሮህ የሠራው ግርማ። የዚያ ሠራተኛ እጅ በማሽኑ ሲቆረጥ ሁለታችሁም ነበራችሁ፤ የማሽኑን መከለያ አለቆቹ ቀድመው ማስነቀላቸውን ሁለታችሁም ታውቃላችሁ። አንተ ያየኸውን መሰከርክ፤ እሱ ጥፋቱ የሠራተኛው ነው ብሎ ፈረመ። እሱ ሥራው ላይ ቀረ፣ አንተ ተባረርክ። እውነት የያዘ አይወድቅም ትለኝ ነበር። ወደቅህ እኮ! በየመጋዘኑ ደጅ ጭነት ስታወርድ ከርመህ ልብህ ደከመ፣ አልጋ ላይ ዋልክ።

ያም ሳያንስ በነፍስ አባታችን ፊት በግርማ ቂም እንዳንይዝ አንተም ቃል ገብተህ እኔንም አስገባኸኝ። አንተ ሰው፣ ምን አድርጌህ ነው? አንተ ይቅር ብለህ አረፍክ፤ እኔ ከሰውዬው ጋር አንድ ደረጃ ላይ እየተላለፍኩ ቀረሁ። ድንኳንህን ከተከሉት የእድር ሰዎች አንዱ እሱ ነበር። ካስማውን ሲመታ ጥርሴን ነክሼ አየሁት።

ባለፈው ቅዳሜ እናቱ እማማ ብርቄ ጀሪካናቸውን ይዘው መጡ። ጉልበታቸውን እንደሚያማቸው ታውቃለህ። ጎማዋን ወደ ውስጥ ሳብኩና ውሃ ሄዳለች አልኳቸው። ቧንቧው ከኋላዬ እየተንሿሿ! ሰምተዋል፤ ጆሯቸው ደህና ነው። ግድ የለም ልጄ፣ ስትመጣ ትጠሪኛለሽ አሉኝ፤ የደምሴን ነፍስ ይማር ብለው ግድግዳውን እየያዙ ተመለሱ። ደስ አለኝ። አልዋሽህም፣ ሁለት ፎቅ እስኪወጡ ድረስ ደስ አለኝ። ከዚያ ቆም ብለው ሲያቃስቱ ሰማኋቸው።

ሁለት ጀሪካን ሞልቼ አራተኛ ፎቅ ወጣሁ። በሩን የከፈተው እሱ ነው። ሲያየኝ አቀረቀረና፣ ሳልጠይቀው፣ ልጆች ነበሩብኝ አለኝ። እኛስ ምን ነበረን፣ ድመት? አፌ ላይ ደርሶ ዋጥኩት። ለእማማ ነው ብዬ ጀሪካኖቹን በሩ ላይ አስቀምጬ ወረድኩ። ደረጃው ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ፤ ለሱ አዝኜ እንዳይመስልህ፣ በንዴት ነው።

እና ይቅር ብዬዋለሁ ብዬ አልጽፍልህም። በሐሰት አልፈርምም ብሎ ለሞተ ሰው የሐሰት ደብዳቤ መጻፍ ነውር ነው። ልቤ ገና ነው። እጄ ግን ቃሉን ይጠብቅልሃል፤ ማክሰኞ ጎማዋን አወጣታለሁ፣ ቅዳሜም፣ ለአራተኛ ፎቅም ጭምር። ሌላው ሙቱን ሻማ አብርቶ ያስባል፤ እኔ ጀሪካን በሞላሁ ቁጥር አስብሃለሁ፣ እየተቆጣሁህ። ግርማን ደህና አደርክ የምልበት ቀን ከመጣ መጀመሪያ የምነግረው ላንተ ነው። እስከዚያ ድረስ እዚያ ሆነህ ለምንልኝ። ቃሉን አብረን ነው የሰጠነው፤ ብቻዬን አልችለውም።

ሚስትህ አስካለ