በጥብጣቡ ሥር የተውኸው ሚስማር

ይድረስ ለይርጋ፤

ለጤናህ እንደምን አለህ ብዬ አልጀምርም። የጤናህን ነገር እስከ መጨረሻዋ ቀን የያዝሁት እኔው ስለሆንሁ አውቀዋለሁ። ከተለያየን አንድ ዓመት ከሰባት ወር ሆነ። አርባህን አውጥቻለሁ፤ ሙት ዓመትህንም ሰው እንዳያማን አድርጌ ደግሻለሁ። ጥቁሬን ያወለቅሁት ግን ዘመዶችህ ከጠበቁት ቀደም ብዬ ነው። ምክንያቱን እነግርሃለሁ። ሰው ስለ ሞተ ሰው ክፉ ሊናገር ሲል “ሙት ወቃሽ አያድርገኝ” ብሎ ይጀምራል። እኔ እንደዚያ አልልም። ልወቅስህ ነው የተቀመጥሁት።

በመጀመሪያ የቤቱን ልንገርህ። ሱቁ አልተዘጋም፤ አሁንም ከቢቸና መናኸሪያ አጠገብ እዚያው ቦታው ላይ አለ። የስፌት መኪናዬን ከጓዳ አውጥቼ ብርሃን ወዳለበት ወደ በሩ አዙሬዋለሁ። አንተ “ሴት በር ላይ ተቀምጣ ስትሰፋ ደስ አይልም” ትል ነበር። ደስ ይላል። አላፊ አግዳሚው ሰላም ይለኛል፣ ክሩም ይታየኛል። በምዕራብ በኩል ያፈስ የነበረው ቆርቆሮ ተለውጧል። ሚስማር መምታትም እንደገና ጀምሬአለሁ። ይህንን ስትሰማ ፊትህን ለማየት ብዙ ነገር እሰጥ ነበር።

ስታገባኝ ከመርፌና ከክር በቀር የማውቀው አልነበረም። የመኪና ወንበር ማልበስን ያስተማርኸኝ አንተ ነህ፤ አልክድህም። ጨርቁ በስፖንጁ ላይ ይወጠርና ከጣውላው ጋር በሚስማር ይመታል፤ ከዚያ የሚስማሩ ራስ እንዳይታይ በላዩ ጥብጣብ ይሄዳል። “ሰው ወንበሩን የሚያየው በጥብጣቡ ነው፤ እሱ ከጠመመ ሁሉም ጠማማ ነው” ትለኝ ነበር። ጥቃቅኑን ሚስማር በከንፈሬ ይዤ፣ በአንድ እጄ ጥብጣቡን እየወጠርሁ በሌላው መምታት የለመድሁት በአንድ ክረምት ነው። አውራ ጣቴ ጥቁር ብሎ ሲያብጥ በሞቀ ውኃ እየዘፈዘፍህ “እጅሽ አስተዋይ ነው፣ ጣትሽ ነው ችኩሉ” ብለኸኛል። በኋላ ሾፌሮቹ የኔን ጥብጣብ ካንተ መለየት አቅቷቸው ሲከራከሩ ጎንበስ ብለህ ትስቅ ነበር። ያን ጊዜ እወድህ ነበር። ይህንንም አልክድም።

ከመሞትህ አምስት ዓመት በፊት የሆነውን ግን ከመጀመሪያው ጀምሬ ልንገርህ። ታውቀዋለህ፤ ቢሆንም ከኔ አፍ ስማው። ከቢቸና ሞጣ የሚመላለስ አንድ ቅጥቅጥ አውቶቡስ መጣልን። ጨርቁን አንተ መታህ፣ ጥብጣቡን እኔ መታሁ። ሳምንት ሳይሞላው እናንዬ የሚባሉ የሞጣ ጌሾ ነጋዴ ከመኪናው ሲወርዱ በበሩ በኩል ካለው ወንበር ጣውላ ዘልቆ የወጣ የሚስማር ጫፍ ባታቸውን ከላይ እስከ ታች ቀደዳቸው። ቁስሉ አመረቀዘ። ባሕር ዳር ወስደዋቸው ነፍሳቸው ተረፈች፤ እግራቸው ግን እንደ ድሮው አልሆነም።

ባለመኪናው ሦስት ሽማግሌ ይዞ ሱቃችን መጣ። ጥያቄው አንድ ነበር። ዘልቆ የወጣው ሚስማር ጨርቁ የተመታበት ነው ወይስ ጥብጣቡ የተመታበት? ጥብጣቡ ካልተነሣ አይታወቅም። አንተ ወደ እኔ ሳታይ “ጥብጣቡን የመታችው እሷ ናት። ረጅሙን ሚስማር ከአጭሩ አሳስታው ይሆናል” አልህ። የባልን ቃል ከሰሙ በኋላ ሽማግሌዎቹ ጥብጣብ አንሥተው የሚያዩበት ምክንያት አልነበራቸውም። እኔም ልከራከር አፌን ስከፍት፣ ያን ዕለት ራሴን አሞኝ እንደ ነበር ትዝ አለኝ። አሳስቼው ይሆናል አልሁ። ጎንበስ ብዬ ይቅርታ ጠየቅሁ። አንተ ደግሞ “ወንበሩን ራሴ አስተካክለዋለሁ” ብለህ እኔንም ሳታስጠጋ ሠርተህ በአዲስ ጥብጣብ ሸፈንኸው።

ከዚያ በኋላ የኖርሁትን ኑሮ በዓይንህ አይተሃል። መናኸሪያው ውስጥ “የማንጠግቦሽ እጅ ያስፈራል” ተባለ። መዶሻ እንዳልነካ ከለከልኸኝ፤ እኔም ልክ ነው ብዬ ጓዳ ገብቼ መስፋት ብቻ ሆነ ሥራዬ። ንስሐ አባታችን ዘንድ ሄጄ ሰው አካለ ስንኩል አደረግሁ ብዬ አለቀስሁ። ሁዳዴን ሙሉ በየቀኑ አርባ አንድ ስግደት አዘዙኝ። ጧት ጧት በሥዕሉ ፊት ስሰግድ አንተ አልጋህ ላይ ሆነህ ትቆጥርልኝ ነበር። አንድ ቀን ጉልበቴ ከድቶኝ ቁጭ ስል “ገና ሠላሳ ሁለት ነው” አልኸኝ። ተነሥቼ ዘጠኙን ጨረስሁ።

ይርጋ፣ ያንተን ኃጢአት እኔ ስሰግድልህ ቁጭ ብለህ ቆጠርህልኝ?

ያወቅሁት ካለፈው መስቀል ወዲህ ነው። ያ ቅጥቅጥ ተሽጦ፣ አዲሱ ባለቤት ወንበሩን ሁሉ በቀይ ላልብስ ብሎ ወደ እኔ አመጣው። የኔን እጅ ወሬ አልሰማም ወይም ሰምቶ ንቆታል። መኪናውን ገና ሲቆም አወቅሁት። ሌላውን ወንበር ትቼ በበሩ በኩል ያለውን ፈታሁ። አንተ የመታኸውን ጥብጣብ በጉጠት እየሳብሁ ሳነሣው ከሥሩ ሁለት የሚስማር ረድፍ ወጣ። የድሮው ጥብጣብ ቀዳዳዎች የኔ አጫጭር ሚስማሮች የነበሩባቸው ናቸው፤ የጣውላውን ግማሽ እንኳ አልደረሱም። ጨርቁ የተመታበት ረድፍ ላይ ግን አንድ ሚስማር ተነቅሎ ቀዳዳው ወዲያ ማዶ ብርሃን ያሳያል። ከሱ አጠገብ ያሉት አራቱ ደግሞ ጣውላውን አልፈው ወጥተው፣ ጫፋቸው በመዶሻ ተቀጥቅጦ ተቆልምሟል። ረጃጅሞች ናቸው። ያንተ ናቸው። ያን ቀን ብቻህን ሆነህ ስታስተካክል አይተሃቸዋል፤ አንዱን ነቅለህ አራቱን ቆልምመህ ሸፍነሃል።

መኪናው ወለል ላይ ተቀምጬ ብዙ ቆየሁ። ባለመኪናው “እትዬ፣ አመመሽ እንዴ?” እስኪለኝ ድረስ። ከዚያ ጣውላውን አውጥቼ አዲስ ገዝቼ ተካሁለት፤ አሮጌውን በማዳበሪያ ጆንያ ጠቅልዬ ወደ ወንድምህ ወደ መሪጌታ ሄድሁ። ቅኔ ቤታቸው ደጃፍ ላይ ፀሐይ እየሞቁ ነበር። አሳየኋቸው። ሚስማሩን በጣታቸው ነካ ነካ አደረጉት።

“ማንጤ፣ የሞተ ሰው አፍ የለውም” አሉኝ። “መልስ የማይሰጥን ሰው መክሰስ ነውር ነው።”

“እኔ አፍ እያለኝ ስንት ዓመት ዝም አልሁ፣ መሪጌታ” አልኋቸው።

“ሰሙን ሰው አይቶታል፤ ወርቁን ለእግዚአብሔር ተዪለት።”

“ሰሙ ላይ የተጻፈው የኔ ስም ነው” አልሁና ጆንያዬን አንሥቼ ወጣሁ። እስከ በሩም አልሸኙኝም።

ያን ዕለት ማታ ንስሐ አባታችንንም ጠይቄአለሁ። ታመህ ሳለህ ሁለት ጊዜ ብቻህን አናዝዘውሃል፤ እኔ ውጭ ቆሜ ነበር። “የሰማሁትን የሰማሁት ለእግዜር ነው፣ ልጄ” ብለው ዓይናቸውን ወደ መሬት አደረጉ። ይህም ለኔ መልስ ነበር። ሦስት ወር ሙሉ አገላብጬ ሳጥብህ፣ በማንኪያ ሳጎርስህ፣ ለቄስ የነገርኸውን ለኔ ለመንገር አንድ ቀን አጣህ።

በማግስቱ ሞጣ ሄድሁ። እማማ እናንዬን ለማግኘት አልከበደኝም፤ ገበያው ውስጥ እግራቸውን በአንድ በኩል ዘርግተው ጌሾ የሚሸጡ እሳቸው ብቻ ናቸው። ማን እንደሆንሁ ስነግራቸው ይሰድቡኛል ብዬ ጠብቄ ነበር። እጄን ያዙኝና አጠገባቸው አስቀመጡኝ።

“መቼ ትመጣለች እያልሁ ስጠብቅሽ ኖሬአለሁ” አሉኝ። “እንዳንቺ ያለች ሚስት አላየሁም።”

አልገባኝም። ጣውላውን ፈታሁና እርስዎን የቀደደዎት የኔ ሚስማር አይደለም፣ የባሌ ነው፣ እኔም ያወቅሁት ትናንትና ነው አልኋቸው። እጄን ለቀቁኝ።

“ትናንትና?”

“ትናንትና።”

ከዚያ የነገሩኝን ልጻፍልህ፤ አንተ የተናገርኸው ስለሆነ ልክ መሆኑን ታውቃለህ። ከአደጋው በኋላ በዓመቱ መጥተህ እግራቸው ላይ ወድቀሃል። “የመታሁት እኔ ነኝ፤ ሚስቴ ግን ሥራዬ እንዳይዘጋብኝ ብላ በፈቃዷ በራሷ ላይ አደረገችው። ሁለታችንም የምናውቀው ነው፤ ለሰው እንዳይወጣ አደራ” ብለሃቸዋል። ከዚያም ሁለት ጊዜ ተመላልሰሃል። እኔ ስፖንጅ ልትገዛ የሄድህ መስሎኝ ስንቅ እየቋጠርሁ የሸኘሁህ ያን ጊዜ ነው። ስትመለስ ጭጭ ትል ነበር፤ መንገዱ አድክሞህ ነው ብዬ እግርህን አጥቤሃለሁ።

“እኔ ይቅር ያልሁት ስላንቺ ብዬ ነው” አሉኝ እማማ እናንዬ። “ሰውዬውን አይቼ አይደለም። እንዲህ ያለች ሴት የወደደችው ሰው ክፉ አይሆንም ብዬ ነው።” “እንግዲያ እኔንም አታሎኛል” አሉ። የሚሸጧትን ጌሾ ሰብስበው ጆንያቸው ውስጥ መክተት ጀመሩ። ገበያው ገና አልሞቀም ነበር።

እርግማን ቢያወርዱብህ አልከለክላቸውም ነበር። አላወረዱም። “ይቅርታ አንድ ጊዜ ከአፍ ከወጣ አይመለስም፤ አንቺን ግን በአደባባይ እንደጣሉሽ በአደባባይ ማንሣት አለብኝ” አሉኝ።

ቃላቸውን ጠበቁ። በቀጣዩ የቢቸና ገበያ ቀን በዚያ እግራቸው መኪና ተሳፍረው መጡ። ሾፌሮቹና ረዳቶቹ ሻይ በሚጠጡበት ሰዓት ከሱቄ በር ላይ ቆሙና ቀሚሳቸውን እስከ ጉልበታቸው ሰብሰብ አድርገው ባታቸውን አሳዩ። ጠባሳው እንደ ገመድ የተገመደ ነው። አንተ እሱን አይተሃል፤ እኔ ግን ያን ቀን ነው ያየሁት።

“ይህን እግር የቀደደው የይርጋ ሚስማር ነው” አሉ። “ራሱ ነግሮኛል። የሚስቱ እጅ የለበትም። የሰማህ ላልሰማ አሰማ።”

ድምፃቸው ከፍ ያለ አልነበረም፤ ሰው ግን ሻዩን ትቶ ቀረበ። ጣውላውንም እጅ በእጅ ተቀባብለው አዩት። እጄ ያስፈራል ይል የነበረ አንድ ሽማግሌ ሾፌር ሚስማሮቹን ሲያይ ቆየና ቆቡን አውልቆ “ሥራ አለኝ፣ ነገ ላምጣልሽ?” አለኝ። ይቅርታ አልጠየቀኝም። እኔም አልጠበቅሁም። በነጋታው አመጣ።

የሱቁን ሰሌዳ አስቀይሬዋለሁ። ስምህ የለበትም። መሪጌታ በዚህ ተቀይመው በሱቁ በኩል ማለፍ ትተዋል፤ ዞረው በታችኛው መንገድ ይሄዳሉ። እህትህም “ሙት የምትዋጋ ሴት” እያለች ታማኛለች አሉ። ትመን።

አሁን በጣም የሚያናድደኝን ልንገርህና ይብቃኝ። ለእማማ እናንዬ የነገርሃቸው ዓይነት ሴት በእውነት እኔ ነበርሁ። ያን ቀን ሽማግሌዎቹ ሳይመጡ በፊት “ማንጤ፣ አጥፍቻለሁ፣ ሸክሙን ያዢልኝ” ብትለኝ ኖሮ እይዝልህ ነበር። ዓይኔን አላሽም ነበር። አርባ አንዱንም ስግደት አውቄ እሰግድልህ ነበር። አንተ ግን አልጠየቅኸኝም። ሰጥቼህ የምኮራበትን ነገር ከኪሴ ወሰድህ፤ ከዚያ ሞጣ ሄደህ ሰጠችኝ አልህ። ይህን ነው ይቅር ማለት ያቃተኝ። ሚስማሩ ሥራ ነው፤ ማንም ይስታል።

እግዚአብሔር ፊት ከኔ በፊት ቆመሃል፤ ምን ብለህ እንደ መለስህ አላውቅም። ቤተ ክርስቲያን ስምህ ሲጠራ ከሰው ጋር “ነፍስ ይማር” እላለሁ፤ ድምፄ በሰው ድምፅ ውስጥ ስለሚሄድ አይከብደኝም። ብቻዬን ስሞክረው ግን “ነፍስ” ብዬ “ይማር” ላይ እቆማለሁ። እሞክራለሁ፤ ቃል የምገባልህ ግን እሱን አይደለም።

በመጨረሻዋ ሳምንት እጄን ይዘህ አትርሺኝ ብለኸኝ ነበር። አልረሳህም። ሌላው ሰው ደግ ባለሙያ ነበር እያለ ያስታውስሃል፤ ዘመዶችህም እንደዚያ እንድልላቸው ይፈልጋሉ። እኔ እስካለሁ ድረስ ግን በዚህ ዓለም ላይ አንድ ሰው አንተን ልክ እንደ ነበርህ ያስታውስሃል።

ማንጠግቦሽ