እርቅ የማይከድነው ጣራ

ለተከበሩ አቶ ይኸነው
የቤት ጥገና ፈቃድና የታማኝ ተቋራጮች መዝገብ ክፍል ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ይህ ደብዳቤ እርስዎን በሙሉ ጤንነት፣ ቤተሰብዎን በሰላም፣ መዝገቦችዎንም በደረቅ መደርደሪያ ላይ ያገኛቸው ዘንድ ምኞቴ ነው። እኔና እናቴ ወይዘሮ ያለምወርቅ እግዚአብሔር ይመስገን በሕይወት አለን፤ እኔ በቤቷ፣ እሷ በሰው ቤት። በዚህ ወር በግንባር ቀርቤ ላመሰግንዎ አራት ጊዜ መጥቼ አራቱንም ጊዜ ስብሰባ ላይ ስለነበሩ፣ ምስጋናዬን ሰው ሁሉ በሚያነበው ወረቀት ላይ ለማስፈር ተገድጃለሁ።

1. በመጀመሪያ ከአቶ ስንታየሁ ስላዳኑኝ አመሰግናለሁ። አቶ ስንታየሁ ሠላሳ ዓመት ጣራ ሲከድን የኖረ፣ የእናቴን ቤት ያረጀ ክዳን እንዲለውጥልኝም የተስማማሁት ሰው ነበር። ለፈቃድ ወደ ቢሮዎ ስመጣ ግን ምስክር ወረቀት የሌለው ሰው ጣራ ላይ መውጣት እንደማይችል በትዕግሥት አስረዱኝና ከታማኞች መዝገብዎ ውስጥ የአቶ ስማቸውን ስም በገዛ ብዕርዎ አስምረው ሰጡኝ። «ይኼ ሰው ችግር የለበትም» ማለትዎን አልረሳሁም። እውነትዎን ነው፤ ችግሩ ያለው እኛ ዘንድ ነው።

2. ለአቶ ስማቸው ፍጥነትም ምስጋና ይገባዎታል። በታኅሣሥ ወር እኔ ክፍል ውስጥ ሳስተምር እሱ በሁለት ቀን ተኩል ሥራውን ጨርሶ ጠበቀኝ። መሰላል አስደግፌ ወጥቼ ስመለከት፣ ይለወጥ ተብሎ በውላችን የተጻፈው የነቀዘ ማገር በቦታው እንዳለ አዲሱ ቆርቆሮ ተደፍቶበታል። ሚስማር በቆርቆሮው ጉብታ ላይ ይመታል እንጂ ውሃ በሚሄድበት ቦይ ውስጥ አይመታም፤ እኔ ግን በቦዩ ውስጥ የተመቱ ሁለት መቶ አሥራ ሰባት ሚስማሮች ቆጠርኩ። ሃያ ስድስት ዓመት ፊዚክስ ባስተምርም ይህን ለማወቅ ፊዚክስ አያስፈልግም፤ አንድ ክረምት ዳንግላ መክረም ይበቃል። ይህን ስነግረው «ጋሼ፣ እርስዎ ተማሪዎን ያስተምሩ፤ ጣራውን ለባለሙያ ይተዉት» አለኝ።

3. አቤቱታዬን ተቀብለው ተቆጣጣሪ ስለላኩልኝ አመሰግናለሁ። ተቆጣጣሪው የመጣው በጥር ወር፣ ከቀኑ ስድስት ሰዓት፣ ፀሐይ አናት ላይ በቆመችበት ሰዓት ነው። መሰላል አቀረብኩለት፤ ጫማው ለመሰላል እንደማይሆን ነገረኝ። ሳሎን መካከል ቆሞ ወደ ላይ አንጋጠጠና «በምልከታው ወቅት ማፍሰስ አልታየም» ብሎ ጽፎ ሄደ። ሐሰት አልጻፈም። በጥር ወንፊትም አያፈስም።

4. ግንቦት ሲገባ ዝናቡ የተቆጣጣሪዎን ሪፖርት ሳያነብ ጀመረ። እናቴ ሰማንያ ሦስት ዓመቷ ነው፤ አምና ክረምት ሳንባዋን ታማ ከሞት የተረፈች ሰው ናት፤ ሐኪሟም ብርድና እርጥበት እንዳያገኛት አጥብቆ አስጠንቅቆናል። አልጋዋን ከጥግ ወደ ጥግ ሦስት ጊዜ አዛወርኩ፤ አራተኛው ጥግ ላይም ጠብታው ቀድሞን ነበር። አቶ ስማቸው «እንጅባራ ትልቅ ሥራ ይዣለሁ» እያለ፣ አንዳንዴም ኔትወርክ የለም እያለ፣ ከአሥራ አንድ ስልክ በኋላ ብቅ አለና ከቤቱ በስተጀርባ፣ ዝቅ ባለው ጠርዝ በኩል የተነሣውን ቆርቆሮ በሚስማር በማጥበቅ ፈንታ ሦስት ድንጋይ ጭኖበት ሄደ። «ለጊዜው ነው ጋሼ» አለ። ሁለተኛ አቤቱታ ጻፍኩልዎ።

5. ከውለታዎችዎ ሁሉ የሚበልጠው ይህ ነው። እኔ ሚስማር መቺ እንዲልኩልኝ ስለምንዎ እርስዎ ሽማግሌ ላኩልኝ። ሦስቱም የማከብራቸው አባቶች ናቸውና አንድም ክፉ ቃል አልናገርባቸውም። አቶ ስማቸው ከኋላቸው ድንጋይ በማጅራቱ ተሸክሞ፣ አንገቱን ደፍቶ ገባ። በአገራችን ድንጋይ ተሸክሞ ለመጣ ሰው በር እንደማይዘጋ እርስዎም ያውቃሉ፤ ስለሚያውቁም ነው የላኩት። እኔ ውሉን ይዤ «መጀመሪያ ሚስማሩ ይነቀል» እያልኩ ስከራከር አንደኛው ሽማግሌ «አንተ ልጅ፣ እኛ ለእርቅ መጣን እንጂ ለጣራ መቼ መጣን!» ብለው ገሠጹኝ። እናቴ ደግሞ ከአልጋዋ ቀና ብላ በአዊኛ «አንሣው! ሰው ድንጋይ ተሸክሞ ደጄ አይቆምም» ስትል አዘዘችኝ። አነሣሁት። ተሳሳምን፤ ተመረቅን፤ ሽማግሌዎቹ ያቀረቡልኝንም የእርቅ ወረቀት ፈረምኩ።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ብርቱ ነፋስ ተነሥቶ ያንኑ የጠርዝ ቆርቆሮ ገንጥሎ መንገድ ላይ ጣለው፤ የሚያልፍ የጋሪ ፈረስ ደንብሮ ጋሪውን ከነጫነው ዕቃ ቦይ ውስጥ ከተተው፤ ዝናቡም በተከፈተው በኩል በቀጥታ እናቴ ላይ ወረደ። ወጥቼ ባይ ከሦስቱ ድንጋዮች ሁለቱ ብቻ ነበሩ። ሦስተኛው የት እንደገባ ብዙ አልፈለግሁም፤ አቶ ስማቸው ይቅር ሲባል ከማጅራቱ ያወረደው ድንጋይ እደጄ ላይ ተቀምጧል። ሰውየው ባዶ አንገቱን መጥቶ ኖሮ፣ ሽማግሌዎቹ እበሩ ላይ ሲጠብቁት በጀርባ ዞሮ እጁ የደረሰበትን አነሣ። ክቡር ሆይ፣ ብዙ ዓይነት ይቅርታ አይቻለሁ፤ የተበዳዩን ጣራ ገልጦ የሚጠየቅ ይቅርታ ግን በእርስዎ ዘመን ነው ያየሁት።

ጎረቤታችን ወይዘሮ ዘይነባ ሱቋን ክፍት ትታ ሮጣ መጥታ እናቴን በብርድ ልብስ ጠቅልላ ወደ ቤቷ ወሰደቻት። እነሆ አሥራ ዘጠኝ ቀን ሆነ። «የእኔም እናት ናቸው፤ ምን አስጨነቀህ?» ትለኛለች። እናቴ ግን ጠዋት ጠዋት እያሳለች የምትጠይቀኝ አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፤ «ተከደነ ወይ?» ትላለች። አልተከደነም ስላት ፊቷን ወደ ግድግዳው ታዞራለች። ከአባቴ ጋር በሠራችው ቤት ውስጥ መሞት እንጂ ሌላ የለመነችው ነገር የለም።

6. በመጨረሻም ስለ መዝገብ አያያዝዎ ላመስግንዎ። ቢሮዎ ስመጣ ጸሐፊዎ ፋይሉን ከፍታ አሳየችኝ፤ የእርቁ ወረቀት እንደ ሥራ ርክክብ ተቆጥሮ ተያይዟል፤ ከግርጌውም «ደንበኛው እርካታውን በፊርማው ገልጿል» ተብሎ ተጽፎ፣ በዚሁ ማስረጃ የአቶ ስማቸው የታማኝነት ምስክር ወረቀት ታድሷል። ፋይሉ በስምምነት ስለተዘጋ ጣራው እንደሚያፈስ አይቆጠርም፤ እንደሚያፈስ ስለማይቆጠርም አዲስ የጥገና ፈቃድ አይሰጠኝም። ልጅቱ ይህን ስታስረዳኝ አፍራ መሬት መሬት ታይ ነበር። ከቢሮዎ ያገኘሁት ብቸኛ ይቅርታ እሱ ነው።

እርቁን አላፈርስም። ከአቶ ስማቸው ጋር መንገድ ላይ ስንገናኝ ጤና እንጠያየቃለን፤ የሽማግሌ ቃል ነውና። ነገር ግን ሰው ይታረቃል እንጂ ሚስማር አይታረቅም፤ እኔም ሰውየውን ይቅር አልኩ እንጂ እናቴ ዝናብ እንዲወርድባት አልፈረምኩም።

ስለዚህ በታላቅ አክብሮት አሳውቅዎታለሁ፦ ሰኞ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ አቶ ስንታየሁ ያለ ምስክር ወረቀት፣ ያለ ፈቃድ ጣራው ላይ ይወጣል። መሰላሉን የምይዘው እኔ ነኝ። የነቀዘው ማገር ይወርዳል፤ ሁለት መቶ አሥራ ሰባቱም ሚስማሮች ይነቀላሉ። ሊከሱኝ ቢፈልጉ ተከሳሹ እኔ ብቻ ነኝ፤ አድራሻዬም በሁለቱም አቤቱታዎች ላይ አለ። ሥራው ሳያልቅ ከመሰላሉ ሥር አልነቃነቅም፤ እናቴ ቤቷ ገብታ ከተኛች በኋላ ግን በወደዱት ቀን፣ ወደ ወደዱት ፍርድ ቤት በእግሬ እመጣለሁ።

የሥልጣን ዘመንዎ እንደ ተቆጣጣሪዎ ጥር ብሩህ ይሁንልዎ እያልኩ፣ ሊታዘዝዎ ፈልጎ ዝናብ የከለከለው፣

አክባሪዎ
ባምላክ ሽባባው
መምህር
ዳንግላ፣ ሰኔ አጋማሽ

ተጨማሪ፦ አቶ ስንታየሁ ትናንት ልክ ሊወስድ መጥቶ ሳለ፣ ባለፈው ዓመት ጥቅምት ላይ የእርስዎን መኖሪያ ቤት ጣራ የከደነው እሱ መሆኑን ነገረኝ። አንድ ጠብታ አላፈሰሰም አለኝ፤ እንኳን ደስ ያለዎት። የዚያን ጊዜ ምስክር ወረቀት ጠይቀውት እንደሆነ ብጠይቀው ሳቀና ሜትሩን ጠቅልሎ ወጣ።